ኦቫሪ ዝም ሲባል የሚበቅል አይደለም

በአውሮፓ ፍየል ለወተት የሚያረቡ ገበሬዎች ቀንድ የሌላትን ፍየል ከባለ ቀንዷ አብልጠው ይመርጡ ነበር። ጎዳ ፍየል ሌሎቹን ወግታ አታቆስልም፤ ለአላቢም አታስቸግርም። ጎዳን ከጎዳ ማዳቀል ሲያዘወትሩ ግን ከሚወለዱት ግልገሎች መካከል የማይፀንሱ፣ አካላቸው በወንድና በሴት መካከል የቆመ፣ አንዳንዶቹም ፈጽመው ወንድ የሚመስሉ እየበዙ መጡ። ክሮሞዞማቸው ሲመረመር እንደ ሴት ሁለት ኤክስ የያዙ፣ የወንድ የሆነው ዋይ የሚባል ነገር የሌላቸው ሆነው ተገኙ። ምክንያቱን በ2001 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አወቁት። ከፍየሎቹ ዲኤንኤ ላይ 11,700 ያህል ፊደላት ያሉት ቁራጭ ጎድሏል። ቁራጩ ራሱ ፕሮቲን የሚያሠራ ዘረመል አልያዘም፤ ሥራው ራቅ ብሎ የተቀመጠውን ፎክስኤል2 የተባለ ዘረመል በሽልነት ዘመን መቀስቀስ ነበር። ቀንዱን ያስቀረውም ጾታውን ያዛባውም ይኸው አንድ ጉድለት ነው። በ2014 ደግሞ እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ ፎክስኤል2ን ብቻ ለይተው በሁለት ኤክስ የፍየል ሽሎች ላይ አጠፉት፤ የእንቁላል ማመንጫ፣ ማለትም ኦቫሪ፣ ሊሆን ይገባው የነበረው አካል ቆለጥ ሆኖ አደገ።

ይህች ፍየል በሥነ ሕይወት ትምህርት ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንደ እውነት ሲነገር የኖረ አንድ አባባል ታናጋለች። አባባሉ፣ የአጥቢ እንስሳ ሽል ካልተነካ ሴት ይሆናል፤ ወንድ እንዲሆን ግን አንድ ነገር ሊጨመርበት ይገባል የሚል ነው። ወንድነት የሚገነባ፣ ሴትነት ደግሞ ግንበኛ ሲቀር የሚገኝ መሬት ተደርጎ ተሳለ ማለት ነው። ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት የተሰበሰበው ማስረጃ የሚያሳየው ሌላ ነው። ኦቫሪ የራሱ አዛዥ ዘረመሎች አሉት፤ እነሱ ካልሠሩ አይሠራም፤ ከተሠራም በኋላ ዕድሜ ልኩን ጠባቂ ይፈልጋል። በሽሉ ውስጥ ያለው ሁኔታ ሁለት ወገኖች የሚገፋፉበት ነው፤ አንዱ ወገን ዝም ያለበት አይደለም።

አሮጌው አባባል ከባዶ አልተነሣም። የሰው ልጅ ሽል እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ለሁለቱም መንገድ የተሰናዳ ነው። ከኩላሊት መነሻ አጠገብ የምትበቅለው ትንሽ ጉብታ ኦቫሪም ቆለጥም ልትሆን ትችላለች። ከጎኗ ሁለት ጥንድ ቱቦዎች ተዘርግተዋል፦ የወንድ ዘር ማስተላለፊያ የሚሆነው የቮልፍ ቱቦ፣ ማኅፀንና የእንቁላል መተላለፊያ የሚሆነው የሙለር ቱቦ። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዦስት በ1947 ባሳተሙት ሥራ በእናታቸው ማኅፀን ውስጥ ያሉ የጥንቸል ሽሎችን በቀዶ ጥገና ከፍተው ይህችን ጉብታ አወጡ፤ ከዚያም ማኅፀኑን መልሰው ሰፍተው ሽሎቹ እንዲያድጉ ተዉአቸው። በዚያን ጊዜ በነበረው መሣሪያ ይህን ማድረግ ምን ያህል እጅ እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። ሽሎቹ በክሮሞዞም ወንድም ይሁኑ ሴት፣ ቆለጥም ኦቫሪም ሳይኖራቸው ሲያድጉ ሁሉም የሴት ቱቦና የሴት ውጫዊ አካል ያዙ። ዦስት ቴስቶስተሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ቅንጣት ሲጨምሩባቸው የቮልፍ ቱቦው ዳነ፤ የሙለሩ ቱቦ ግን አልጠፋም። ከዚህም ቆለጥ ሁለት የተለያዩ መልእክቶች እንደሚልክ አወቁ፤ አንዱ የሚገነባ ሌላው የሚያፈርስ። ይህ ድንቅ ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬም ጸንቶ ይገኛል።

በ1959 አንድ ኤክስ ብቻ ያላቸው ሰዎች ሴቶች፣ ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ያላቸው ደግሞ ወንዶች መሆናቸው ታወቀ። ወሳኙ የኤክስ ቁጥር ሳይሆን የዋይ መኖር ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል የፈጀው ፍለጋ በዋይ ላይ ያለውን ወሳኝ ዘረመል ለማግኘት ሆነ። በ1990 ለንደን ውስጥ የፒተር ጉድፌሎውና የሮቢን ሎቬል-ባጅ ቡድኖች ኤስአርዋይ ብለው የሰየሙትን ዘረመል አገኙ፤ የሰው ዘረመል ጥናቱ ቀዳሚ ጸሐፊ አንድሪው ሲንክሌር ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ይህን ዘረመል የያዘ 14,000 ያህል ፊደላት ያሉት ቁራጭ በሁለት ኤክስ አይጥ ሽል ውስጥ ሲከቱት አይጡ ቆለጥ አወጣ፣ ወንድ ሆነ። አንድ ፕሮቲን ብቻውን የአንድን ፍጡር መንገድ ሲያስለውጥ ከማየት የበለጠ አሳማኝ ነገር አይገኝም። ማብሪያ ማጥፊያው ተገኘ ተባለ። ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ሁለት ሁኔታ ብቻ ነው ያለው፤ ሲበራ ወንድ፣ ሲጠፋ ሴት።

ስሕተቱ የተወለደው ከምሳሌው ነው። ዦስት ከሽሉ ያወጡት ጉብታዋን ራሷን ነው። ጉብታዋን አውጥቶ የጣለ ሙከራ፣ ጉብታዋ እንዴት ኦቫሪ ወይም ቆለጥ እንደምትሆን ምስክር ሊሆን አይችልም። የዦስት ማስረጃ ስለ ቱቦዎችና ስለ ውጫዊ አካል ነበር፤ ተከታዮቹ ግን ወደ ኦቫሪ አዛመቱት። በ1959 የተገኘውም ቢሆን በጥሞና ለተመለከተው ሌላ ነገር ይናገር ነበር። አንድ ኤክስ ብቻ ያላቸው ሴቶች ኦቫሪ አብዛኛውን ጊዜ ከመወለዳቸው በፊት ወይም በልጅነታቸው እንቁላሎቹን ይጨርሳል። ኦቫሪ በራሱ የሚሆን ነገር ቢሆን ኖሮ የአንድ ክሮሞዞም መጉደል እንዲህ ባላፈረሰው። በ1986 አሜሪካ ሜይን ግዛት በጃክሰን ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ኢቫ አይከርና ሊንዳ ዋሽበርን፣ የኦቫሪ አሠራር እንደ ቆለጡ ሁሉ በዘረመል የሚመራ ሥራ መሆኑን፣ ስለዚህ ሥራ ግን ምንም ያህል አለመጻፉን በግልጽ ጽፈው ነበር። ማንም አልሰማቸውም ማለት ግነት ይሆናል፤ ነገር ግን ገንዘቡም፣ ጉልበቱም፣ ዝናውም ወደ ዋይ መሄዱን ቀጠለ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዱ ምክንያት የመሣሪያ ነው፤ ዋይ ትንሽ ክሮሞዞም ስለሆነች በውስጧ አንድ ዘረመል ማሳደድ ይቀላል፤ የኦቫሪ ዘረመሎች ግን በተለያዩ ክሮሞዞሞች ላይ ተበትነዋል። ሌላው ምክንያት ከላቦራቶሪ ውጭ ያለ ይመስለኛል። አሪስቶትል ሴትን ጉድለት እንዳለበት ወንድ አድርጎ ከጻፈ ወዲህ፣ ሴትነትን በሚጎድለው መለካት የአስተሳሰብ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ሳይንቲስቶቹ ክፉ አስበው ነው አልልም። የምንጠይቀው ጥያቄ ግን ከምንናገረው ቋንቋ ይወለዳል፤ “የሚጠፋ መብራት” የተባለን ነገር ማን አጠፋው እንጂ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ወደ ማስረጃው። በ2006 ከአንድ ጣልያናዊ ቤተሰብ የተወለዱ አራት ወንድማማቾች ታሪክ ታተመ። አራቱም ሁለት ኤክስ አላቸው፤ ኤስአርዋይ በማናቸውም ውስጥ የለም፤ ሆኖም ወንዶች ናቸው። የውስጥ እጃቸውና የውስጥ እግራቸው ቆዳ ከልክ በላይ የሚወፍር በሽታ ነበረባቸው። የበሽታው ምንጭ ሲፈለግ አር-ስፖንዲን1 የተባለው ዘረመል በሁለቱም ቅጂ ተበላሽቶ ተገኘ። ይህ ዘረመል ደብልዩኤንቲ4 ከተባለው ጋር ሆኖ በሕዋስ ውስጥ ቤታ-ካቴኒን የተባለውን ፕሮቲን ያጠናክራል፤ እሱም የቆለጥ ዘረመሎችን ያፍናል። ማፈኛው ሲነሣ ቆለጥ ያለ ዋይ፣ ያለ ኤስአርዋይ ወጣ። የተገላቢጦሹም ታይቷል። በ2008 ተመራማሪዎች ኤክስና ዋይ ባላቸው አይጦች ጉብታ ውስጥ ቤታ-ካቴኒንን በግድ ሲያነቁት፣ ኤስአርዋይ በቦታው እያለ አካሉ ወደ ኦቫሪ ዞረ። ባዶ ቦታ የቆመን ግንብ አይገፋም፤ ይህ ግን ገፋ።

ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነው ሌላ ሙከራ ነው። ኤስአርዋይ ራሱ አጭር ሥራ ያለው መልእክተኛ ነው፤ ዋና ሥራው ሶክስ9 የተባለውን ዘረመል ማስነሣት ሲሆን፣ ቆለጡን የሚገነባው ሶክስ9 ነው። ኤክስና ዋይ ካላቸው አይጦች ላይ ሶክስ9 ብቻ ከጠፋ ኦቫሪ ይሠራል። እስከዚህ ድረስ አሮጌው አባባል ይደሰት። ነገር ግን ሶክስ9ም የኦቫሪው ወገን ምልክትም አብረው ሲጠፉ ምን ይሆናል? ኦቫሪ ካልተነካ የሚሆን ነገር ከሆነ አሁንም ኦቫሪ መገኘት ነበረበት። በ2012 አር-ስፖንዲን1ን፣ በ2015 ደግሞ ቤታ-ካቴኒንን ከሶክስ9 ጋር አብረው ያጠፉ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ያዩት ግን የቆለጥ ቱቦዎች ሲሠሩ ነው። ሶክስ9 ሲጠፋ ኦቫሪ የተሠራው እንግዲህ ቦታው ባዶ ስለቀረ አይደለም፤ ተቃራኒው ወገን ስላሸነፈ ነው። ተቃራኒውም ሲጠፋ ለሶክስ9 ቅርብ ዘመድ የሆነው ሶክስ8 ሥራውን ይሸፍናል። ከዚህ ተነሥቶ እንግዲያው በራሱ የሚሆነው ወንድነት ነው ማለትም አይቻልም፤ ሁለቱም ወገን ተተኪዎች አሉት።

በ2023 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ላይ ወጡ። ደብልዩቲ1 የተባለው ዘረመል በሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖችን ያሠራል፤ ሦስቱ አሚኖ አሲዶች ያሉበትና የሌሉበት። የሌሉበት ዓይነት ከአይጥ ሽሎች ሲጠፋ የጉብታዋ ሕዋሳት የኦቫሪን መንገድ መያዝ አቃታቸው። ይኸው ዓይነት ከልክ በላይ ሲበዛ ደግሞ ኤክስና ዋይ ባለው ሽል ውስጥ ኦቫሪው ከጊዜው ቀድሞ ጀመረ፤ ኤስአርዋይንም አፈነው፤ አይጧ ሴት ሆነች። ፍሬዚየር ሲንድረም በሚባለው የሰዎች ሕመም ውስጥ የሚታየውም ይኸው የመጠን መዛባት ነው። ኤስአርዋይ ከተገኘ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው የእሱ አቻ ሊባል የሚችል የኦቫሪ አዛዥ የተሰየመው። መዘግየቱ ከነገሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን ከፍላጎት ማነስም የመጣ መሆኑን መጠርጠር አይከፋም።

ዦስት በትክክል የመረመሩት የቱቦዎቹ ጉዳይ እንኳ ሳይነካ አልቀረም። በሴት ሽል የቮልፍ ቱቦ የሚጠፋው ቴስቶስተሮን ስላላገኘ ብቻ ነው፤ ምግብ እንዳጣ ተክል ይደርቃል ተብሎ ይታመን ነበር። በ2017 ሰሜን ካሮላይና ያለው የሃምፍሪ ያኦ ቡድን ኩፕ-ቲኤፍ2 የተባለውን ዘረመል ከቱቦው አካባቢ ሲያጠፋ፣ ሴቶቹ አይጦች ቴስቶስተሮን ሳይኖራቸው የቮልፍ ቱቦአቸውን ይዘው ተወለዱ። ሴቷ ቱቦውን የምታጣው አፍራሽ አዝዛበት ነው። ውጫዊ አካልን በተመለከተም የእኛው ነጠብጣብ ጅብ አለ፤ ሐረር ውስጥ በየምሽቱ የሚመገበው ያው እንስሳ። የሴቷ ጅብ ብልት ከወንዱ ስለሚመሳሰል ከጥንት ጀምሮ ጅብ ሁለት ጾታ አለው ሲባል ኖሯል፤ አሪስቶትል ራሱ ይህን ወሬ ተቃውሞ ጽፏል። በካሊፎርኒያ በርክሊ የነበሩ ተመራማሪዎች እርጉዝ ጅቦች ላይ የወንድ ሆርሞንን የሚያግድ መድኃኒት ሰጥተው ሲያዩ ሴቶቹ ግልገሎች አሁንም በዚያው መልክ ተወለዱ። የሴት አካል መልክ ሆርሞን ሲቀር የሚቀር ተረፈ ነገር ብቻ አለመሆኑን ጅቧ ታስተምራለች።

ከሽልነት በኋላስ? ነገሩ አንዴ ተወስኖ ያልቃል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነበር። በ2009 በጀርመን ሃይደልበርግ የማቲያስ ትራየር ቡድን ከሎቬል-ባጅ ጋር ሆኖ፣ ያደገች፣ ሙሉ ሴት በሆነች አይጥ ኦቫሪ ውስጥ ፎክስኤል2ን አጠፋ። እንቁላሉን ከብበው የሚመግቡት ሕዋሳት በሳምንታት ውስጥ የቆለጥ ሕዋሳትን መልክ ያዙ፤ ቴስቶስተሮንም እንደ ወንድ አይጥ መጠን ማምረት ጀመሩ። በ2011 ሚኒሶታ ውስጥ ተቃራኒው ታየ፤ ዲኤምአርቲ1 የተባለው ዘረመል ካደገ አይጥ ቆለጥ ሲወጣ የቆለጡ ሕዋሳት ወደ ኦቫሪ ሕዋስነት ተለወጡ። የተሠራው አካል በቦታው የሚቆየው በየቀኑ ስለሚጠበቅ ነው፤ ይህ ለቆለጡም ለኦቫሪውም እኩል ይሠራል። ከወር አበባ ማቆሚያ ዕድሜአቸው አስቀድመው ኦቫሪያቸው ለሚደክምባቸው ሴቶች ይህ ረቂቅ ፍልስፍና አይደለም። ፎክስኤል2 በሰው ላይ ሲበላሽ የዐይን ሽፋን ከመጥበቡ ጋር ይህን ድካም እንደሚያመጣ ከ2001 ጀምሮ ይታወቃል። የሚጠበቅን ነገር ጠባቂ እንደሌለው አድርጎ ማስተማር ሐኪሙንም ያሳስታል።

ጠንካራው ተቃውሞ እንዲህ ይላል፦ ምንም ቢባል ኤስአርዋይ የጎደላቸው ኤክስና ዋይ ያላቸው ሰዎች ማኅፀን ይዘው፣ የሴት አካል ይዘው ያድጋሉ፤ በ2018 በፍራንሲስ ክሪክ ተቋም ኒጻን ጎነን ከሎቬል-ባጅ ጋር ያደረጉት ሙከራም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ከሶክስ9 በ565,000 ፊደላት ርቆ የሚገኝ 557 ፊደላት ብቻ ያሉት የዲኤንኤ ቁራጭ ሲወጣ ኤክስና ዋይ ያላቸው አይጦች ኦቫሪ አወጡ። በ2025 ደግሞ የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው የማኮቶ ታቺባና ቡድን በእርጉዝ አይጦች ላይ የብረት ማዕድን ሲቀንስ ከኤክስና ዋይ ግልገሎቻቸው ጥቂቶቹ ኦቫሪ ይዘው መወለዳቸውን አሳየ። ምክንያቱም በኤስአርዋይ ላይ የተጫነውን ኬሚካላዊ ዝጊያ የሚያነሣው ኤንዛይም ብረት ይፈልጋል። ትንሽ ጉድለት በተገኘ ቁጥር ሽሉ ወደ ሴትነት የሚወድቅ ከሆነ፣ መሬቱ ወደ ሴትነት ያዘነበለ አይደለምን?

ማዘንበሉን አልክድም። ወንዱ ወገን መቅደም አለበት፤ ካልቀደመ ይሸነፋል። ነገር ግን ማዘንበል ባዶነት አይደለም። ይህን ለመለየት ጊዜውን ማየት ይበቃል። በ2009 በጃፓን የተሠራ ሙከራ፣ አይጥ ሽል ውስጥ ኤስአርዋይ በሙቀት እንዲነሣ አድርጎ ሰዓቱን እያዛወረ ፈተነው። ከተፀነሰ በ11ኛው ቀን ላይ ያለች የ6 ሰዓት ያህል ጠባብ መስኮት ካለፈች፣ ኤስአርዋይ በሙሉ ኃይሉ ቢነሣም ቆለጥ አይሠራም። መሬቱ ባዶ ቢሆን ኖሮ ዘግይቶ የመጣ ግንበኛ ያው ባዶውን ያገኘው ነበር። ያገኘው ግን ሌላ ግንበኛ መሠረት ጥሎ ሲገነባ ነው። የብረቱም፣ የ557 ፊደላቱም ውጤት በዚሁ ይፈታል፤ ወንዱ ወገን ሲዘገይ ወይም ሲደክም ኦቫሪው የሚሠራው ቀድሞውኑ ሥራ ላይ ስለነበረ ነው። (ስለ ብረት አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። በኢትዮጵያ በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው ታውቋል። ያ የኦሳካ የብረት ሙከራ በአይጥ ላይ፣ ብርቱ የሆነ የብረት እጥረት ተፈጥሮ የተሠራ ነው። እርጉዝ እናት የብረት እንክብሏን የምትወስደው ለራሷ ደምና ለልጇ ዕድገት ነው፤ ከጾታ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ በሰው ላይ የለም።)

ሌላው ተቃውሞ ከራሱ ከማስረጃው ውስጥ የሚነሣ ነው። ፍየሏ ላይ የታየው ነገር በአይጥ ላይ አይታይም፤ ፎክስኤል2 ከአይጥ ሽል ቢወጣ ኦቫሪው ከመወለድ በፊት ወደ ቆለጥ አይዞርም፤ ችግሩ የሚመጣው ከተወለደች በኋላ ነው። እንግዲህ ፍየሏ የተለየች ናት ሊባል ይችላል። እኔ ነገሩን የማየው በተቃራኒው ነው። አይጥ ከመፀነስ እስከ መውለድ ሦስት ሳምንት ነው የሚፈጅባት፤ የፍየል እርግዝና አምስት ወር፣ የሰው ዘጠኝ ወር ነው። በአጭር እርግዝና ውስጥ ተደራርበው የሚሄዱ የኦቫሪ ሥራዎች በረጅሙ ተለያይተው ይታያሉ። ለረጅም ዓመታት ስለ ሴት ሽል የምናውቀውን አብዛኛውን ከአይጥ ስንቀዳ፣ ከእኛ ጋር በዚህ ረገድ ይበልጥ የምትቀራረበውን እንስሳ በረት ውስጥ ትተናት ነበር። ከዚያም በላይ አይጥን ራሷን በደንብ አላየናትም፤ የአይጥ ኤስአርዋይ ዘረመል ሁለተኛ የተደበቀ ክፍል እንዳለው፣ ለሥራው ዋናውም እሱ እንደሆነ የታቺባና ቡድን ያገኘው በ2020 ነው፤ ዘረመሉ ከተገኘ ከሠላሳ ዓመት በኋላ።

ነገሩ እንዲህ የተወሳሰበ ከሆነ ወንድና ሴት የሚባለው ድንበር ፈረሰ ማለት ነውን? አንዳንዶች ይህን በስጋት፣ አንዳንዶች በተስፋ ይጠይቃሉ። ማስረጃው ለሁለቱም አይመችም። ሁለት ወገኖች እርስ በርስ ሲተፋፈኑ የሚገኘው ውጤት መሐል ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይደለም፤ ትንሽ ያየለው ሌላውን አፍኖ ይበልጥ ያይላል፤ ስለዚህ እጅግ አብዛኛው ሽል ወደ አንዱ ጫፍ ተጠቃልሎ ይደርሳል። ይህ አሠራር ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ የጃፓኗ አማሚ ደሴት እሾኻማ አይጥ ምስክር ናት። ይህ ዝርያ ዋይ ክሮሞዞሙንም ኤስአርዋይንም ጨርሶ አጥቷል፤ ወንዱም ሴቷም አንድ ኤክስ ብቻ አላቸው። ሆኖም ወንድም ሴትም ይወለዳሉ። በ2022 የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲዋ የአሳቶ ኩሮይዋ ቡድን፣ ወንዶቹ ብቻ በሶክስ9 አቅራቢያ 17,000 ያህል ፊደላት የሆነ ድርብ ቁራጭ እንዳላቸው አሳየ። መልእክተኛው ተሰናብቶ ፍልሚያው ቀጠለ። ድንበሩ አለ፤ ድንበሩን የሚያቆመው ግን አንድ ዘረመል አይደለም።

ይህ ልዩነት ዛሬ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሩጫ ሜዳ ላይ ደርሷል። የዓለም አትሌቲክስ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሴቶች ምድብ በዓለም ሻምፒዮና ለመወዳደር የሚፈልግ ሁሉ በሕይወቱ አንድ ጊዜ የኤስአርዋይ ምርመራ እንዲያደርግ ደነገገ፤ በዚያው ወር በተካሄደው የቶኪዮ ሻምፒዮናም ተግባራዊ ሆነ። ድንጋጌው የኢትዮጵያን ሴት ሯጮችም ይመለከታል። የውድድር ፍትሕ ሕግ እንደሚያስፈልገው አልጠራጠርም፤ ኤስአርዋይ በአብዛኛው ሰው ላይ ጥሩ አመላካች መሆኑንም አልክድም። ነገር ግን የዘረመሉ ፈላጊ የነበሩት ሲንክሌር ራሳቸው በ2025 ምርመራው ለዚህ ዓላማ መዋሉን ተቃውመዋል፤ ምክንያታቸውም ምርመራው ዘረመሉ መኖሩን እንጂ መሥራቱን፣ ቆለጥ መሠራቱን፣ ቴስቶስተሮን መመረቱን፣ አካሉም ለሆርሞኑ መልስ መስጠቱን አይነግርም የሚል ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ አስቀድሞ ታይቷል። በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ ከ3,387 ሴት አትሌቶች 8ቱ ኤስአርዋይ ተገኘባቸው፤ ሰባቱ አካላቸው ለወንድ ሆርሞን በከፊል ወይም በሙሉ መልስ የማይሰጥ ነበር። ስምንቱም እንዲወዳደሩ ተፈቀደ፤ የኦሎምፒክ ኮሚቴውም በ1999 አጠቃላይ ምርመራውን አቆመ። የአሁኑ ደንብ ሙሉ በሙሉ መልስ የማይሰጥ አካል ላላቸው በር ትቷል፤ ለዚያ በር ለመድረስ ግን አንዲት ሴት በመጀመሪያ ማንነቷ የተጠረጠረበትን ወረቀት ይዛ ሐኪም ከሐኪም መዞር አለባት። ምርመራው የማጣሪያ መነሻ እንጂ ፍርድ ሊሆን አይገባውም የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ሌላው ጎን ደግሞ ምርመራው ምንም አይጠይቅም። አር-ስፖንዲን1፣ ደብልዩኤንቲ4፣ ፎክስኤል2፣ ሦስቱ አሚኖ አሲዶች የሌሉበት ደብልዩቲ1፣ ሁሉም ከዚያ ምርመራ መልስ ውጭ ናቸው፤ ምርመራው የተቀረጸው ሴትነትን በአንድ ነገር አለመኖር እንዲለካ ነውና። ለዚህ ምርመራ ከአራቱ ጣልያናዊ ወንድማማቾች ናሙና ቢወሰድ መልሱ አራት ጊዜ “የለም” ይሆን ነበር፤ በምርመራው ብቻ ቢለኩም የሴቶቹን ማጣሪያ ያልፉ ነበር።